ፓሪ ጂፒ፦ ትልልቅ ሙሉ ቁጥሮችን አንድም አሃዝ ሳይጥል የሚያሰላ ነፃ ፕሮግራም

ለ11ኛ ክፍል ተማሪዎቼ የርቢ ሕጎችን በማስተምርበት ሰሞን፣ የ2ን 67ኛ ርቢ አስልተው ከውጤቱ ላይ 1 እንዲቀንሱ የቤት ሥራ ሰጥቻቸው ነበር። በማግስቱ አንዱ ተማሪ በትምህርት ቤቱ ኮምፒውተር ያሰላውን ሊያሳየኝ ጠራኝ። የተጠቀመው በየቢሮው በሚገኝ የሠንጠረዥ ፕሮግራም ነበር፤ ሙሉው ቁጥር እንዲታይ ዓምዱን ሲያሰፋው 147573952589676000000 የሚል ወጣለት። «ቲቸር፣ የ2 ርቢ ሁልጊዜ ተጋማሽ ነው፤ ታዲያ 1 ተቀንሶለት እንዴት በ0 ያልቃል?» አለኝ። ልክ ነበር። ከጎኑ የተቀመጠችው ልጅ ደግሞ በስልኳ ካልኩሌተር ስትሞክረው ያገኘችው 1.475739526 ሲባዛ በ10 20ኛ ርቢ የሚል መልስ ነው። ይህኛው ቢያንስ የተጠጋጋ ቁጥር መሆኑን አይደብቅም፤ የመጀመሪያው ግን ስድስት አሃዞችን በዜሮ ተክቶ ትክክለኛ መልስ የሰጠ መስሎ ቀርቧል።

ትክክለኛው ቁጥር 147573952589676412927 ነው፤ 21 አሃዝ አለው። የተለመዱት የሠንጠረዥ ፕሮግራሞችና ብዙ ካልኩሌተሮች አንድን ቁጥር የሚይዙት በ53 ቢት ትክክለኛነት ስለሆነ፣ ከ15 ወይም ከ16 አሃዝ በኋላ ያለው ለእነርሱ ግምት ነው። ለገበያ ሂሳብም ሆነ ለደመወዝ ይህ ከበቂ በላይ ነው። ስለ ሙሉ ቁጥሮች ጠባይ ለሚጠይቅ ሰው ግን የመጨረሻው አሃዝ ከጠፋ ሁሉ ነገር ጠፋ፤ ቁጥሩ ተጋማሽ መሆን አለመሆኑን እንኳን ማወቅ አይቻልም። ከዚያን ዕለት ጀምሮ ለክፍሌ የሚሆን መሣሪያ ስፈልግ ቆይቼ ያገኘሁትና ላለፈው አንድ ዓመት የሠራሁበት ፕሮግራም ፓሪ ጂፒ ይባላል። በዚህ ጽሑፍ የምመዝነውም እርሱን ሲሆን፣ መመዘኛዬ ያው የተማሪዬ ቁጥር ነው።

ፓሪ ጂፒ የተጀመረው እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር በ1980ዎቹ በፈረንሳይ በቦርዶ ዩኒቨርሲቲ፣ ኦንሪ ኮኸን በተባሉ የቁጥር ንድፈ ሐሳብ ሊቅና በባልደረቦቻቸው ነው፤ ዛሬም በዚያው ከተማ በካሪም ቤላባስ መሪነት ይታደሳል። ፓሪ የሚባለው የስሌቱ ቤተ መጻሕፍት፣ ማለትም ስሌቱን የሚሠራው የውስጥ ክፍል ሲሆን፣ ጂፒ ደግሞ ተጠቃሚው ትእዛዝ እየጻፈ የሚነጋገርበት ክፍል ነው። ፈቃዱ ጂፒኤል ስለሆነ ዋጋ የለውም፤ የውስጥ አሠራሩን ማየትና ማሻሻልም ለሁሉ የተፈቀደ ነው። በዊንዶውስ፣ በማክና በሊኑክስ ይሠራል፤ ፓሪድሮይድ የሚባል የአንድሮይድ ስልክ እትም አለው፤ መጫን ለማይፈልግም ከፕሮጀክቱ ድረ ገጽ ላይ በቀጥታ በብራውዘር ውስጥ መሞከር ይቻላል። ከሁሉ የጠቀመኝ አንዴ ከተጫነ በኋላ ኢንተርኔት የማይፈልግ መሆኑ ነው፤ ኔትወርክ በጠፋበት ቀን ክፍለ ጊዜዬ አይባክንም።

ሲከፈት የሚታየው የጥያቄ ምልክት ብቻ ነው። አዝራር የለውም፤ ሥዕልም የለውም። ከጥያቄ ምልክቱ ፊት 2^67-1 ብሎ ጽፎ የማስገቢያውን ቁልፍ የሚጫን ሰው 21ዱንም አሃዞች ያገኛል። እያንዳንዱ መልስ የመቶኛ ምልክትና ተራ ቁጥር ስለሚሰጠው፣ ቀድሞ የወጣን ቁጥር እንደገና መጻፍ ሳያስፈልግ በዚያ ምልክት ጠርቶ መጠቀም ይቻላል፤ 39 ወይም 78 አሃዝ ያለውን ቁጥር በእጁ የገለበጠ ሰው የዚህን ጥቅም ያውቀዋል። የአሃዞቹን ድምር በአንድ መስመር ብንጠይቀው 109 ይለናል። 109 ለ3 ስለማይካፈል ቁጥሩም ለ3 አይካፈልም፤ በ7 ስለሚያልቅም ለ2 እና ለ5 አይካፈልም። እስከዚህ ያለው በ5ኛ ክፍል ትምህርት የሚታወቅ ነው። ከዚህ በኋላ ያለው ግን የሰው ልጅ 250 ዓመታት ያህል የደከመበት ነው።

ማረን መርሴን የተባለው ፈረንሳዊ መነኩሴ በ1644 ባሳተመው መጽሐፍ መቅድም ላይ፣ ከ2 ርቢ 1 ተቀንሶ ብቸኛ ቁጥር (ከ1ና ከራሱ በቀር አካፋይ የሌለው) የሚገኝባቸው አርቢዎች እስከ 257 ድረስ 2፣ 3፣ 5፣ 7፣ 13፣ 17፣ 19፣ 31፣ 67፣ 127 እና 257 ናቸው ብሎ ጻፈ። ዝርዝሩ ስሕተት ነበረበት፤ 61፣ 89 እና 107 ተዘልለዋል፣ 67 እና 257 ደግሞ ያለቦታቸው ገብተዋል። ፈረንሳዊው የሂሳብ ሊቅ ኤድዋር ሉካ በ1876 የእኛ ባለ 21 አሃዝ ቁጥር ብቸኛ እንዳልሆነ አረጋገጠ፤ ነገር ግን የትኞቹ ሁለት ቁጥሮች ተባዝተው እንደሚሰጡት ሊናገር አልቻለም። አንድ ቁጥር አካፋይ እንዳለው ማወቅና አካፋዩን ማግኘት የተለያዩ ሥራዎች መሆናቸውን ከዚህ የተሻለ የሚያስረዳ ምሳሌ አላገኘሁም። አካፋዮቹን ያገኘው አሜሪካዊው ፍራንክ ኔልሰን ኮል ነው፤ በጥቅምት 1903 እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር በኒው ዮርክ በተደረገ የአሜሪካ የሂሳብ ማኅበር ስብሰባ ላይ አቀረባቸው። ቃል ሳይናገር ወደ ሰሌዳው ሄዶ በአንድ በኩል የ2ን 67ኛ ርቢ አስልቶ 1 እንደቀነሰ፣ በሌላ በኩል ሁለቱን ቁጥሮች እንዳባዛ፣ ሁለቱ ውጤቶች አንድ ሆነው ሲገኙ አዳራሹ በጭብጨባ እንደተናወጠ፣ ስንት ጊዜ እንደፈጀበት ሲጠየቅም «የሦስት ዓመት እሑዶች» ብሎ እንደመለሰ ይተረካል።

በፓሪ ጂፒ ፋክተር የሚለውን ትእዛዝ በላቲን ፊደል ጽፎ ቁጥሩን በቅንፍ ውስጥ ማስገባት ብቻ ይበቃል። መልሱ ዓይን እስኪርገበገብ እንኳን ሳይቆይ በሁለት መስመር ይመጣል፦ 193707721 እና 761838257287፣ እያንዳንዳቸው አንድ ጊዜ። ተማሪዎቼ ይህን ሲያዩ የተደነቁት ለአንድ ደቂቃ ያህል ነበር፤ ከዚያ «እሺ» ብለው ዝም አሉ። ፍጥነት እንዲህ ያለ ጉዳት አለው፤ ሰው የደከመበትን ነገር ክብደት ይሰውራል። ስለዚህ ኮምፒውተሩን ዘግቼ በጥቁር ሰሌዳ እንድናባዛው ወሰንኩ።

መጀመሪያ ላይ ባለ 12 አሃዙን በባለ 9 አሃዙ ማባዛት ዘጠኝ ረጃጅም መስመሮች የሚጠይቅ መስሎን ነበር። አንዲት ተማሪ ግን ባለ 9 አሃዙን ቁጥር ትክ ብላ ካየች በኋላ፣ 193707721 ውስጥ 7 ሦስት ጊዜ፣ 1 ሁለት ጊዜ እንደሚገኝ፣ አንዱ አሃዝም 0 እንደሆነ አመለከተችን። ስለዚህ በእርግጥ መባዛት ያለበት በ2፣ በ3፣ በ7 እና በ9 ብቻ ነው፤ ሌላው መቅዳትና ቦታውን ማስተካከል ነው። በ7 ሲባዛ የተገኘው 5332867801009 ሦስት ጊዜ በሦስት የተለያዩ ቦታዎች ተጻፈ። ድምሩ ከመጀመሩ በፊት በ9 የማጣራትን ጥንታዊ ዘዴ ሠራን፤ የአንዱ አካፋይ አሃዞች ድምር 37፣ የሌላው 64 ሲሆን ሁለቱም ለ9 ሲካፈሉ 1 ይቀራል፣ የውጤቱ ድምር 109 ደግሞ ለ9 ሲካፈል እንዲሁ 1 ይቀራል። የክፍለ ጊዜው ደወል ሲደወል የመጨረሻዎቹ ሁለት ዓምዶች ነበሩ የቀሩን፤ ማንም ከመቀመጫው አልተነሣም። በማግስቱ ፕሮግራሙን ስንከፍት መልሱን ያዩት በሌላ ዓይን ነው።

ኮል እነዚህን ቁጥሮች እንዴት ሊያገኝ እንደቻለ የሚያሳየው ባሕርይም በዚሁ መሣሪያ ሊመረመር ይችላል። አርቢው 67 ብቸኛ ቁጥር ስለሆነ፣ የቁጥራችን ብቸኛ አካፋዮች ሁሉ የ134 ብዜት ሲደመር 1 መሆን አለባቸው፤ ለ8 ሲካፈሉም 1 ወይም 7 መቅረት አለበት። 193707720ን ለ134 ብናካፍል ያለ ቀሪ 1445580 ይደርሰናል፤ 761838257286ን ብናካፍልም ያለ ቀሪ 5685360129 ይወጣል። ለ8 ሲካፈሉ የመጀመሪያው 1 ሁለተኛው 7 ይተዋሉ። ፈላጊው እያንዳንዱን ቁጥር እየሞከረ አይሄድም ማለት ነው፤ የሚሞክረው ከ134 ቁጥሮች አንዱን ብቻ ነው፣ ከእነርሱም ግማሹን ሳይነካ ያልፋል። እንዲያም ሆኖ የሚቀረው ለአንድ ሰው የዓመታት ሥራ እንደነበር ከ1445580 ትልቅነት መረዳት ይቻላል።

አሁን ይህን ፕሮግራም ከሌሎች አስበልጬ የምወድበት ምክንያት ላይ ደርሻለሁ። ፍጥነቱ አይደለም፤ በእርግጠኝነት የሚያውቀውንና «ሊሆን ይችላል» የሚለውን ለይቶ መናገሩ ነው።

አንድ ቁጥር ብቸኛ መሆኑን ለመፈተን ከሚታወቁት ዘዴዎች ቀላሉ በ17ኛው ክፍለ ዘመን ፈረንሳዊ የሂሳብ ሊቅ ስም የሚጠራው የፌርማ ፈተና ነው። ቁጥሩ ብቸኛ ከሆነ፣ 2 ከቁጥሩ በ1 ባነሰ አርቢ ተነሥቶ ለቁጥሩ ሲካፈል ቀሪው 1 ይሆናል። አርቢው እዚህ 21 አሃዝ ስላለው እየደጋገሙ ማባዛት የማይታሰብ ይመስላል፤ ነገር ግን ውጤቱን በራሱ እያባዙ፣ ቀሪውን ብቻ እየያዙ ከሄዱ ከ140 ባነሰ ማባዛት ያልቃል። ይህ በአንዳንድ የሂሳብ መጻሕፍት «የኢትዮጵያ ማባዣ» እየተባለ ከሚጠራው፣ በጥንታዊት ግብፅም ይሠራበት ከነበረው የማጠፍና የማጋመስ ዘዴ ጋር አሳቡ አንድ ነው፤ በዚያ መደመር የነበረው እዚህ ማባዛት ሆኗል። ፓሪ ጂፒ ለዚህ ሞድ የሚባል ትእዛዝ አለው። 2ን በዚህ መንገድ ብንፈትን መልሱ 1 ይመጣል። ፈተናው ቁጥሩን አሳለፈው ማለት ነው፤ እኛ ግን አካፋዮቹን በዓይናችን አይተናል!

ይህ የፕሮግራሙ ስሕተት አይደለም። ከ2 ርቢ 1 ተቀንሶ የሚገኝ ቁጥር ሁሉ፣ አርቢው ብቸኛ ከሆነ፣ ብቸኛ ቢሆንም ባይሆንም የ2ን ፈተና ያልፋል። ምክንያቱም 2 በ67ኛ ርቢው ላይ ቀሪው 1 ስለሚሆን፣ በ67 በሚካፈል አርቢ ሁሉ ላይ እንዲሁ 1 ይሆናል፤ ከቁጥራችን 1 ሲቀነስ የሚገኘውም በ67 ይካፈላል። 3ን ብንፈትን ግን ቀሪው 1 አይሆንም፤ ማታለሉም ይጋለጣል። ለተማሪ ከዚህ የሚበልጥ ትምህርት ያለ አይመስለኝም፤ ፈተናን ማለፍና እውነት መሆን የተለያዩ ነገሮች መሆናቸውን በሁለት መስመር ትእዛዝ ያያል።

የፓሪ ጂፒ ሠሪዎች ይህን ልዩነት በትእዛዞቻቸው ስም ውስጥ ሳይቀር አስገብተውታል። አንደኛው ትእዛዝ ኢዝፕራይም ሲሆን፣ 1 ብሎ ከመለሰ ቁጥሩ ብቸኛ ለመሆኑ ማረጋገጫ ተሠርቷል ማለት ነው። ሌላኛው፣ ፈጣኑ፣ ኢዝሱዶፕራይም ይባላል፤ የሚሠራውም በ1980 ቤይሊ፣ ፖመራንስ፣ ሰልፍሪጅና ዋግስታፍ ባቀረቡት ፈተና ነው። ይህን ፈተና ብቸኛ ሳይሆን ያለፈ አንድም ቁጥር እስከ ዛሬ አልተገኘም፤ ከ2 64ኛ ርቢ በታች ላሉት ቁጥሮች ሁሉ ፈጽሞ እንደማይሳሳት በስሌት ተረጋግጧል። ከዚያ በላይ ግን እንዳይሳሳት የሚያስገድድ ማረጋገጫ የለም፤ የፕሮግራሙ መመሪያም ይህን በግልጽ ይጽፋል።

የ2 64ኛ ርቢ ለብዙዎቻችን እንግዳ አይደለም። በቼዝ ሰሌዳ 64 ቤቶች ላይ ስንዴ ከአንድ ፍሬ ተጀምሮ በየቤቱ እጥፍ እየሆነ ቢቀመጥ፣ የፍሬዎቹ ድምር ከዚህ ቁጥር በ1 ያነሰ ነው፤ 18446744073709551615። ይህንን ቁጥር ለፋክተር ብንሰጠው 3፣ 5፣ 17፣ 257፣ 641፣ 65537 እና 6700417 ብሎ በሰባት ብቸኛ ቁጥሮች ይበትነዋል፤ ከእነርሱም 641ና 6700417 የተገኙት የሂሳብ ሊቁ ኦይለር በ1732፣ የ2 32ኛ ርቢ ሲደመር 1 ብቸኛ ነው የሚለውን የፌርማን ግምት ባፈረሰበት ሥራ ነው። የተማሪዬ ቁጥር የቼዝ ሰሌዳውን ቁጥር ስምንት እጥፍ ያህላል። እንግዲህ በፈጣኑ ፈተና ያለ ስጋት የምንተማመንበት ክልል በቼዝ ሰሌዳው ላይ ያበቃል፤ የእኛ ቁጥር ከድንበሩ ጥቂት አለፍ ብሎ ይገኛል።

እዚህ ላይ ጠንቃቃ ተጠቃሚ ሊያውቀው የሚገባ አንድ ነገር አለ። ፋክተር የሚሰጣቸው አካፋዮች፣ ከዚያ ድንበር በላይ ሲሆኑ፣ በነባሪ አቀማመጡ የተፈተኑት በፈጣኑ ፈተና ብቻ ነው። ማረጋገጫ የሚፈልግ ሰው ፋክተር ፕሩቭን የሚባለውን ቅንብር ወደ 1 መቀየር፣ ወይም እያንዳንዱን አካፋይ ለብቻው በኢዝፕራይም መፈተን አለበት። ይህ ቅንብር ከመጀመሪያው 1 ሆኖ ቢቀርብ እመርጥ ነበር፤ ፍጥነት የሚፈልገው ሰው አውቆ ወደ 0 ቢመልሰው ይሻላል። በሌላ በኩል ፕራይምሰርት የሚባለው ትእዛዝ ከጠበቅኩት በላይ ነው። አንድ ትልቅ ቁጥር ብቸኛ መሆኑን በኤሊፕቲክ ከርቭ ዘዴ ካረጋገጠ በኋላ ማረጋገጫውን እንደ ምስክር ወረቀት በቁጥሮች ጽፎ ይሰጣል፤ ያ ወረቀት ትክክል መሆኑን ሌላ ሰው፣ በሌላ ኮምፒውተር፣ የመጀመሪያውን ድካም ሳይደግም ሊመረምረው ይችላል። ኮል ሁለቱን ቁጥሮች በሰሌዳ ላይ አባዝቶ እንዳሳየው ማለት ነው። «እመኑኝ» አይልም፤ መመርመሪያውን አብሮ ያስረክባል።

ስለ ቀሪ ስሌት ካነሣሁ አይቀር፣ ሞድ የሚለውን ትእዛዝ ለክፍሌ ያስተዋወቅኩት በባሕረ ሐሳብ ነው። ልጆቹ ቤታቸው ውስጥ ሲጠቀስ የሚሰሙት ስለሆነ አሳቡ አዲስ አልሆነባቸውም። ለ2017 ዓ.ም. 5500 ሲደመር 7517 ዓመተ ዓለም ይሆናል፤ ለ19 ሲካፈል 12 ይቀራል፣ 1 ሲቀነስለት ወንበሩ 11 ነው። 11 በ11 ተባዝቶ ለ30 ሲካፈል ቀሪው 1 አበቅቴ፣ 11 በ19 ተባዝቶ ለ30 ሲካፈል ቀሪው 29 መጥቅዕ ይሆናል፤ ሁለቱ ሲደመሩ 30 ናቸው። ሊቃውንቱ በድርሻው ሳይሆን በቀሪው ላይ ነበር የሚያተኩሩት፤ የቁጥር ንድፈ ሐሳብም የሚያደርገው ይህንኑ ነው። ልዩነቱ እነርሱ ለ19 እና ለ30 ያካፍሉ የነበረውን እኛ 21 አሃዝ ላለው ቁጥር ማካፈላችን ብቻ ነው።

ይህ መንገድ ወደ ሉካ ፈተና ያደርሳል። ሉካ የጀመረውና ዴሪክ ሄንሪ ሌህመር በ1930 ያጠራው ዘዴ ከ4 ይነሣል፤ በየደረጃው ቁጥሩ በራሱ ይባዛል፣ 2 ይቀነስለታል፣ ቀሪው ይያዛል። አርቢው 5 ሲሆን ቁጥሩ 31 ነው፤ 4፣ ከዚያ 14፣ ከዚያ 194 ለ31 ሲካፈል ቀሪው 8፣ ከዚያ 62 ለ31 ሲካፈል 0። ከአርቢው 2 በሚያንስ ደረጃ ላይ 0 ከተገኘ ቁጥሩ ብቸኛ ነው፣ ካልተገኘ አይደለም፤ መካከለኛ መልስ የለም። በፓሪ ጂፒ ይህን ሁሉ በአንድ መስመር መጻፍ ይቻላል። ለ67 65ቱን ደረጃዎች ስናስሄድ የወጣው 0 አይደለም። ለ127 125ቱን ስናስሄድ 0 መጣ፤ 170141183460469231731687303715884105727 ብቸኛ ነው። ይህን ባለ 39 አሃዝ ቁጥር ሉካ ያረጋገጠው ያለ ምንም ማሽን ነበር፤ በእጅ ስሌት ብቻ ብቸኝነታቸው ከተረጋገጡት ቁጥሮች ሁሉ ትልቁም እርሱ ነው። ተማሪዎቼ ይህን መስመር ራሳቸው ጽፈው ራሳቸው አስሂደውታል። ዝግጁ አዝራር ያለው ማስያ ቢሆን ይህ ዕድል አይኖርም ነበር።

የፕሮግራሙ ድንበር የት እንደሆነም መናገር አለብኝ። ዛሬ ከሚታወቁት ብቸኛ ቁጥሮች ሁሉ ትልቁ በጥቅምት 2024 በሉክ ዱራንት የተገኘው፣ የ2 136279841ኛ ርቢ ሲቀነስ 1 ሲሆን 41024320 አሃዞች አሉት። የተገኘውም በ1996 ጆርጅ ዎልትማን በጀመረው ጂምፕስ በተባለው የበጎ ፈቃደኞች ፕሮጀክት ነው። ፓሪ ጂፒ ለዚህ ዓይነት ፍለጋ አልተሠራም፤ ለዚያ የተጻፉ ሌሎች ፕሮግራሞች አሉ። በመበተን ረገድም እንዲሁ፣ ሁለት ትልልቅ ብቸኛ ቁጥሮች ተባዝተው የሰጡትን ከ100 አሃዝ በላይ ያለው ቁጥር በአንድ ላፕቶፕ በዚህ ፕሮግራም መበተን ትዕግሥትን የሚያስጨርስ ነው። 250 አሃዝ ያለው፣ ለመበተን ፈተና የቀረበው አርኤስኤ 250 የተባለው ቁጥር በየካቲት 2020 ሲበተን ሥራ ላይ የዋሉት ብዙ ኮምፒውተሮች፣ ፕሮግራሙም ሌላ ነበር። የመበተን ችግር ደግሞ እንዲህ ክብደት ባይኖረው ኖሮ የባንክ መልእክቶቻችንን ከሚጠብቁት ዘዴዎች አንዱ ባልቆመ ነበር።

ከዚህ ውጭ ያሉት ጉድለቶች በአጭሩ የሚነገሩ ናቸው። መመሪያው ሰፊና ጥንቁቅ ቢሆንም በእንግሊዝኛ ነው፤ የተጻፈውም ለተመራማሪ እንጂ ለጀማሪ አይደለም። ትእዛዞቹ በላቲን ፊደል ስለሆኑ አንድ ፊደል የሳተ ልጅ የሚደርሰው የስሕተት መልእክት ብዙም አይረዳውም። እኔ ለክፍሌ አሥራ ሁለት ትእዛዞችን ከአማርኛ ማብራሪያቸው ጋር በአንድ ገጽ አዘጋጅቼ በየኮምፒውተሩ አጠገብ ለጥፌያለሁ፤ ከዚያ በኋላ ችግሩ በጣም ቀንሷል። እንዲህ ያለ የአማርኛ መመሪያ በሙሉ ቢዘጋጅ ለብዙ የሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤቶች ይጠቅም ነበር፤ ፈቃዱም ይህን አይከለክልም።

ይህን ፕሮግራም ለሂሳብ መምህራን፣ ለዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች፣ ቁጥር ለሚወድ ለማንኛውም ሰው ያለ ማመንታት እመክራለሁ። ለዕለት ተዕለት ሂሳብ ካልኩሌተር ለሚፈልግ ግን አይሆንም፤ ስልኩ ላይ ያለው ይበቃዋል።

ባለፈው ሳምንት የሠንጠረዡን ስሕተት ያገኘው ያው ተማሪ በመርሴን ዝርዝር የመጨረሻ የሆነውን 257ን ይዞ መጣ። የ2 257ኛ ርቢ ሲቀነስ 1፣ 78 አሃዝ ነው። ፋክተር ሦስት ቁጥሮች ሰጠው፤ 535006138814359፣ ከዚያ 1155685395246619182673033፣ ከዚያ ደግሞ 374550598501810936581776630096313181393። እጁን ከመክተቢያው ላይ አንሥቶ አሃዞቹን በጣቱ እየቆጠረ፣ «የመጀመሪያው ከቼዝ ሰሌዳው በታች ነው ቲቸር፤ ሁለቱ ግን አልፈዋል» አለ። ከዚያ ማንም ሳይነግረው ኢዝፕራይም ብሎ መጻፍ ጀመረ፤ አንድ ጊዜ ለባለ 25 አሃዙ፣ አንድ ጊዜ ለባለ 39 አሃዙ። ሁለቱም 1 ሲመልሱለት ቁጥሮቹን በደብተሩ ላይ ገለበጣቸው።